ኪውፊልድ ለመስክ ሥራ፦ በካርታ ምልክት አያያዙ ሲመዘን

በስልክና በታብሌት የካርታ መረጃ ለመሰብሰብ ከተሠሩት ነፃ ሶፍትዌሮች መካከል ኪውፊልድ ሰፊ አቅም ካላቸው አንዱ ነው። ያዘጋጀው ኦፕንጂአይኤስ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት ሲሆን ኮዱ ክፍት ነው። በአንድሮይድ፣ በአይኦኤስ፣ በዊንዶውስም ይሠራል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀበሌም ያለ ችግር ይከፈታል። ስለ ጂፒኤስ ጥራቱና ስለ ቅጾቹ ብዙ ስለሚባል እሱን እንለፈውና ብዙዎች እንደ ማስዋቢያ የሚያዩትን አንድ ነገር እንመልከት፤ የነጥቡን፣ የመስመሩንና የይዞታውን ምልክት አወጣጥ። ምልክት በመስክ ላይ ጌጥ አይደለም። መረጃ ሰብሳቢው የቱን እንደመዘገበ፣ የቱ እንደቀረው የሚያውቀው በሱ ነው። ምልክቱ ሲበላሽ ስህተቱ የሚገባው ካርታው ውስጥ ብቻ ሳይሆን መረጃው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ኪውፊልድ ላይ ምልክት አይሠራም። ስልኩ ላይ ሌየር (አንድ ዓይነት መረጃ የያዘ የካርታ ንብርብር) ማብራትና ማጥፋት፣ ጽሑፉን መደበቅ፣ ሥሩ ያለው እንዲታይ ሌየሩን ማፍዘዝና የተዘጋጀ የካርታ ገጽታ መምረጥ ይቻላል፤ የነጥቡን ቀለም ከቀይ ወደ ሰማያዊ መለወጥ ግን የለም። ቀለም፣ ቅርጽ፣ መጠን፣ ሁሉም የሚወሰነው ኮምፒውተር ላይ፣ ኪውፊልድ በተመሠረተበት የካርታ ሶፍትዌር በኪውጂአይኤስ ነው። ስልኩ የፕሮጀክቱን ፋይል ተቀብሎ ያንኑ ያሳያል። ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት የሥዕል ሞተር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የተሠራው ውስብስብ ምልክት ሳይቆራረጥ ስልኩ ላይ ይወጣል። ይህ የመተግበሪያው ትልቁ ብርታት ነው። ትልቁ ድካሙም እዚያው ነው፤ ቡድኑ ወረዳ ከደረሰ በኋላ ምልክቱ እንደማይታይ ቢያውቅ፣ ላፕቶፕ ያልያዘ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም።

ለምሳሌ የአንድ ወረዳ የውኃ ተቋማት ቆጠራን እንውሰድ። ቦኖ፣ የእጅ ፓምፕ፣ የጎለበተ ምንጭና ጥልቅ ጉድጓድ በአንድ የነጥብ ሌየር ይመዘገባሉ፤ እያንዳንዱም አገልግሎት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው ይታወቃል። ቀላል ሥራ ይመስላል። ግን ኪውፊልድ ላይ የሚያጋጥሙት የምልክት ችግሮች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ አንድ ሌየር ላይ ይወጣሉ።

የጠፋው ነጥብ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሰብሳቢው ነጥቡን ይመዘግባል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ያስቀምጣል፤ ካርታው ላይ ግን ምንም አይታይም። አልተቀመጠም ብሎ ደግሞ ይመዘግባል። ማታ መረጃው ሲሰበሰብ አንድ ቦኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገኛል። የጥፋቱ ምንጭ መተግበሪያው ሳይሆን ምልክቱ ነው።

ኪውጂአይኤስ ላይ የሌየሩን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ሲምቦሎጂ ውስጥ «ካቴጎራይዝድ» የሚለውን መርጦ፣ የሚከፋፈልበትን ዓምድ ሰጥቶ «ክላሲፋይ» ሲጫኑ፣ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ እሴት አንድ ምልክት ይሰጥና መጨረሻ ላይ «ሌሎች እሴቶች በሙሉ» የሚል አንድ መደብ ይጨምራል። ብዙ ሰው የምልክቶቹ መግለጫ (ሌጀንዱ) እንዲያምርለት ይህን መደብ ይሰርዘዋል። ከተሰረዘ በኋላ ዓምዱ ባዶ የሆነ፣ ወይም ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ እሴት ያለው ነጥብ ሁሉ አይሣልም። መስክ ላይ ደግሞ ባዶ ዓምድ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ስለዚህ መደቡ ይቀመጥ፤ ቢቻል ደግሞ ዓይን የሚወጋ ምልክት ይሰጠው። ደማቅ ሐምራዊ፣ 5 ሚሊሜትር፣ መሐሉ ላይ መስቀል ያለበት ቢሆን ሰብሳቢው «ይሄ ያልተሟላ ነው» ብሎ እዚያው ይመለስበታል። በዚህ መንገድ የመደቡ ምልክት ራሱ የጥራት ቁጥጥር ይሆናል።

ምልክቱ በተጻፉ ደንቦች ለሚከፋፈልበት፣ ማለትም «ሩል ቤዝድ» ለሚባለው አሠራር፣ ተመሳሳዩ መከላከያ መጨረሻ ላይ የሚጨመር «ኤልስ» የሚል ደንብ ነው፤ የትኛውም ደንብ ያልያዘውን ነጥብ ሁሉ ይሰበስባል። «ግራጁዌትድ» የሚባለው የቁጥር ክፍፍል ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ ስለሌለው ይበልጥ አደገኛ ነው። የጉድጓድ ጥልቀት በነበረው መረጃ ላይ ተመሥርቶ እስከ 60 ሜትር ቢከፋፈልና መስክ ላይ 72 ሜትር ቢመዘገብ፣ ነጥቡ ካርታው ላይ አይኖርም። መፍትሔው የመጨረሻውን ክፍል ጣሪያ በእጅ ከፍ ማድረግ ነው፤ 60 ይሁን የተባለውን 500 ማድረግ ማንንም አይጎዳም። ባዶ እሴቶችንም ለመያዝ ከፈለጉ ግራጁዌትዱን ወደ ሩል ቤዝድ ለውጠው ኤልስ ይጨምሩበት።

ነጥብ የሚጠፋበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሌየሩ በተወሰነ የካርታ መለኪያ (ስኬል) ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ከሆነ። ከ1፡10,000 በላይ ሲራቅ እንዲደበቅ የታዘዘ ሌየር፣ ስልኩ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ሲባል ድንገት ይሰወራል። ለጽሑፍ ይህ ጥሩ ነው፤ እየተሰበሰበ ላለ ነጥብ ግን ጨርሶ አያስፈልግም።

ሠ እና ሰ

በአማርኛ መረጃ ለሚሰበስብ ሰው የተለየ ወጥመድ አለ። የሁኔታው ዓምድ በነፃ ጽሑፍ የሚሞላ ከሆነ አንዱ «የማይሠራ» ይጽፋል፣ ሌላው «የማይሰራ»። ለሶፍትዌሩ እነዚህ ሁለት የተለያዩ እሴቶች ናቸው። አንዱ ቀይ ሲሆን ሌላው «ሌሎች» ውስጥ ይወድቃል፣ ወይም ከላይ እንደተባለው ይጠፋል። «ዓይነት» እና «አይነት»፣ «የጸዳ» እና «የፀዳ»፣ ከቃሉ በኋላ በስህተት የገባች ባዶ ቦታም ጭምር እንዲሁ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ምልክት የሚወሰንበት ዓምድ በቁጥር ኮድ ይያዝ፦ 1 የሚሠራ፣ 2 በከፊል የሚሠራ፣ 3 የማይሠራ። ኪውጂአይኤስ ላይ በአትሪቢዩት ፎርም ውስጥ «ቫሊዩ ማፕ» የሚለውን መርጦ ኮዱንና አማርኛውን ጎን ለጎን ማስገባት ብቻ ነው። ሰብሳቢው የሚያየው አማርኛውን፣ ፋይሉ የሚይዘው ቁጥሩን ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ፤ ምልክቱን ሲከፋፍሉ በእሴት ዓምድ ውስጥ አማርኛውን ይጽፉና ምንም አይሣልላቸውም። በእሴት ዓምድ ውስጥ የሚገባው ኮዱ ነው፤ አማርኛው ከጎኑ ባለው የሌጀንድ ዓምድ ይገባል።

መረጃው የሚቀመጥበት ፋይልም ጂኦፓኬጅ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ሼፕፋይል የሚባለው የቆየ የፋይል ዓይነት የዓምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይቀበልም፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ ኮድ አንድ የፊደል ገበታችን ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ለአማርኛ ስም የሚተርፈው 3 ፊደል ነው። ስሙ ሲቆረጥ በስሙ ላይ የተመሠረተው የምልክት ደንብም አብሮ ይሰበራል።

መጠንና መለኪያ

የኪውጂአይኤስ መነሻ የነጥብ መጠን 2 ሚሊሜትር፣ የመስመር ውፍረት 0.26 ሚሊሜትር ነው። ለታተመ ካርታ በቂ ነው። እጅ ላይ ለተያዘ፣ አቧራ ለጠጣና ፀሐይ ለበዛበት ስክሪን ግን ያንሳል። ለነጥብ ከ3.5 እስከ 4.5 ሚሊሜትር፣ ለመስመር ከ0.7 እስከ 0.9 ሚሊሜትር መጀመሪያ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቦኖዎች ይደራረባሉ።

መለኪያውን ሚሊሜትር አድርጉት። ፒክስል የስክሪኑ ጥራት ሲለያይ መጠኑ አብሮ ስለሚለያይ አንዱ ታብሌት ላይ የሚያምረው ሌላው ስልክ ላይ ጭረት ይሆናል። «ማፕ ዩኒትስ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ፕሮጀክቱ በዲግሪ የሚሠራ ከሆነ አንድ ዩኒት ማለት አንድ ዲግሪ፣ ወደ 111 ኪሎሜትር ነው፤ መጠኑ 1 የተባለ ክብ አዲስ አበባንና አዳማን አንድ ላይ ይውጣል። ስክሪኑ በአንድ ቀለም ተሞልቶ ሲከፈት መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው። እንደ ቧንቧ ዳር የጥበቃ ስፋት ያለ በመሬት ላይ በሜትር የሚለካ ነገር ካለ «ሜትርስ አት ስኬል» የሚለው ይመረጥ፤ ፕሮጀክቱ በዲግሪም ይሁን በዩቲኤም (መሬትን በዞን ከፍሎ በሜትር በሚለካው ሥርዓት) በትክክል ያሰላል። ሀገራችን በዩቲኤም 36፣ 37 እና 38 ዞኖች ላይ የተዘረጋች ስለሆነች ከአንድ ዞን በላይ የሚሠራ ቡድን ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅመዋል።

የመርፌ ወይም የጠብታ ቅርጽ ያለው ምልክት የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ የስልክ ካርታዎች አስለምደውናል። ኪውጂአይኤስ ግን ማንኛውንም ምልክት በመሐሉ ነው የሚተክለው። ቁመቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ጠብታ ጫፉ ከትክክለኛው ቦታ 3 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በ1፡2,000 መለኪያ ይህ 6 ሜትር ነው። ሰብሳቢው ጂፒኤሱ ተሳስቷል ብሎ ነጥቡን በእጅ ይገፋዋል፣ ትክክል የነበረውን ያበላሸዋል። የምልክቱ ቅንብር ውስጥ «አንከር ፖይንት» የሚለውን የቁሙን ከ«ሴንተር» ወደ «ቦተም» መቀየር በቂ ነው። ወይም ክብ መጠቀም፤ ለመስክ ክብን የሚያህል የለም።

ፀሐይና የጀርባ ምስል

ቢሮ ውስጥ የሚያምሩት ፈዛዛ ቀለሞች ቀትር ላይ ሁሉም ነጭ ናቸው። ጀርባው የአየር ወይም የሳተላይት ፎቶ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴና ቡናማ ምልክት እርሻው ውስጥ ይቀልጣል። የሚሠራው ዘዴ ምልክቱን ሁለት ድርብ ማድረግ ነው። ከታች ነጭ ክብ 4.5 ሚሊሜትር፣ ከላይ ባለ ቀለሙ 3.5 ሚሊሜትር። ለመስመርም ከታች ነጭ 1.6፣ ከላይ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቀይ 0.8። መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ነጩ የሌላውን መስመር እንዳይቆርጥ «ሲምቦል ሌቭልስ» ይበራ።

የሚሠራውን አረንጓዴ፣ የማይሠራውን ቀይ ማድረግ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያዳግተው የቡድን አባል ግን አይጠፋም። ቀለምና ቅርጽ አብረው ይለወጡ፦ የሚሠራ ሰማያዊ ክብ፣ በከፊል የሚሠራ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ የማይሠራ ቀይ አራት ማዕዘን። ኪውጂአይኤስ «ቪው» ውስጥ «ፕሪቪው ሞድ» የሚል ምርጫ አለው፤ ካርታው ቀለም ለመለየት ለሚቸገር ሰው ወይም በጥቁርና ነጭ እንዴት እንደሚታይ በአንድ ጠቅታ ያሳያል።

ለእርሻ ይዞታ ድንበር ውስጡን ባዶ አድርጎ ጠርዙን ብቻ መሣል ይሻላል፤ ፎቶው ሳይሸፈን ይታያል፣ ውስጡ ባዶ ቢሆንም ጣት ሲነካው ይዞታው ይመረጣል። የተቆራረጠ መስመር ግን አይመከርም። ጎረቤት ይዞታዎች አንድ ድንበር ስለሚጋሩ መስመሩ ሁለት ጊዜ ይሣላል፤ የአንዱ ቁራጭ የሌላውን ክፍተት ሞልቶ ድፍን መስመር ይመስላል። የትኛው የተረጋገጠ፣ የትኛው አከራካሪ ድንበር እንደሆነ በቁርጥራጭ ለመለየት ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል። ቀለም ይጠቀም።

ጥያቄ ምልክትና የተለወጠ ፊደል

ስልኩ ላይ በምልክቱ ፋንታ ጥያቄ ምልክት ከወጣ ስዕሉ አልተገኘም ማለት ነው። ለምልክት የሚያገለግለው የኤስቪጂ ሥዕል (ሲጎላ የማይደበዝዝ የሥዕል ፋይል) ከኮምፒውተሩ ዲስክ በሙሉ አድራሻው ተጠርቷል፤ ስልኩ ደግሞ ያ አድራሻ የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኤስቪጂ ማርከር ውስጥ ከፋይሉ አድራሻ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጭኖ «ኢምቤድ ፋይል» ማለት። ሥዕሉ ፕሮጀክቱ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይጓዛል። ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል ቀለሙ አልቀየር ካለ ደግሞ ችግሩ ከፋይሉ ነው፤ ኪውጂአይኤስ ቀለም የሚቀይረው በውስጡ የቀለም ማስገቢያ ቦታ የተጻፈለትን ሥዕል ብቻ ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡት አብዛኞቹ ሥዕሎች ይህን አሟልተዋል።

የጽሑፍ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ወይም በኢብሪማ የተጻፈ የቀበሌ ስም ስልኩ ላይ ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ይተካል። ፊደሉ ይነበባል፣ ስፋቱ ግን ይለያያል፤ ስሞች ይጋጫሉ፣ የተጋጨውን ደግሞ ሶፍትዌሩ ይደብቀዋል። ኪውፊልድ የራሱ የ«ፎንትስ» ፎልደር ስላለው የተጠቀማችሁበትን ፎንት ፋይል እዚያ አስገብታችሁ መተግበሪያውን ዘግታችሁ ክፈቱ። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ይህ ፎልደር በስልኩ ፋይል ማኔጀር በቀላሉ ስለማይደረስበት ኬብል ይዞ ከኮምፒውተር መሥራት ያስፈልጋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ኮምፒውተሩም ስልኩም ላይ እሱን ማድረግ ጣጣውን ይቀንሳል። የጽሑፉ መጠን ከ9 እስከ 11 ነጥብ፣ ዙሪያው ላይ ወደ 1 ሚሊሜትር ነጭ ጠርዝ ቢኖረው በፎቶ ላይም ይነበባል።

ገጽታ መቀያየር

ስልኩ ላይ ምልክት አለመቀየሩን በከፊል የሚያካክሰው «ማፕ ቲም» የሚባለው የተዘጋጀ የካርታ ገጽታ ነው፤ በዚህ በኩል መተግበሪያው ምስጋና ይገባዋል። አንድ ሌየር ብዙ ስታይል (የምልክት አሠራር) ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ በተቋም ዓይነት፣ ሌላው በአገልግሎት ሁኔታ፣ ሦስተኛው ዛሬ የተጎበኘውንና ያልተጎበኘውን ብቻ የሚለይ። ኪውጂአይኤስ ላይ ሌየሩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ከ«ስታይልስ» አዲስ መጨመር፣ ከዚያ የትኛው ሌየር በየትኛው ስታይል እንደሚታይ አስተካክሎ በዓይን ምልክቱ በኩል «አድ ቲም» ማለት ነው። ስልኩ ላይ በጎን ማውጫው ውስጥ የገጽታዎቹ ስም ይዘረዘራል፤ አንዴ በመንካት ካርታው በሙሉ ይለወጣል። የሚዘነጋው ነገር፣ ሌየሩ የሚታይበትን ስታይል ቀይሮ ቲሙን በ«ሪፕሌስ ቲም» አለማደስ ነው፤ ያልታደሰ ቲም አሮጌውን ምርጫ ይዞ ይመጣል። ሦስት ወይም አራት ገጽታ ይበቃል። አሥር ካደረጉት ማንም አይነካቸውም።

ስለ ፍጥነት ብዙ አያስፈልግም። ጥላና ብርሃን የሚጨምሩ ኢፌክቶች፣ የቀለም ማዋሐጃ ሞዶች፣ ከወረዳው ውጭ ያለውን የሚያደበዝዘው የተገለበጠ ፖሊጎን፣ ሁሉም ርካሽ ስልክን ያስተነፍሳሉ፤ ባትሪም ይበላሉ። አጥፏቸው።

ከሌሎቹ ጋር

በክፍያ የሚሠራው የኤስሪ ኩባንያ መተግበሪያ ፊልድ ማፕስ ኪውፊልድን የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የምልክቶቹ ዝርዝር ራሱ የመመዝገቢያ በር ነው። ሰብሳቢው የቦኖውን ምልክት ይነካል፣ ዓይነቱ ተሞልቶ ቅጹ ይከፈታል። ኪውፊልድ ላይ ሌየሩን መርጦ ዓይነቱን ከቅጹ መሙላት ግድ ነው፤ ያለፈውን እሴት እንዲያስታውስ ማድረግ ድካሙን ይቀንሳል፣ ግን እንደዚያኛው ቀላል አይደለም። መርጊን ማፕስ የሚባለው ሌላ መተግበሪያም በኪውጂአይኤስ ላይ የቆመ ስለሆነ እዚህ የተነገረው አብዛኛው ለሱም ይሠራል። በቡድኑ ውስጥ ኪውጂአይኤስ የሚያውቅ አንድም ሰው ከሌለና ሥራው ጥቂት ነጥቦችን መመዝገብ ብቻ ከሆነ ግን በኔፓል የተሠራው ኤስደብልዩ ማፕስ ይሻላል፤ ቀለሙ እዚያው ስልኩ ላይ ይመረጣል። በምልክት ደንቦች ጥልቀት ኪውፊልድ ይበልጠዋል፣ ያ ጥልቀት የሚጠቅመው ግን የሚያዘጋጀው ሰው ሲኖር ነው።

ምልክቱ ተበላሽቶ ቡድኑ መስክ ላይ እያለ ማስተካከያ መላክ ቢያስፈልግ፣ የሚላከው የፕሮጀክቱ ፋይል ብቻ ነው። ሙሉውን ፎልደር ልኮ በላዩ ላይ ማስገልበጥ ጂኦፓኬጁንም በባዶው ይተካዋል፤ የሰበሰቡት መረጃ እዚያው ላይ ያልቃል። ምልክቱ የሚቀመጠው በፕሮጀክቱ ፋይል፣ መረጃው በጂኦፓኬጁ መሆኑን ስልክ የያዘው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ይነገረው። ፕሮጀክቱንና መረጃውን በኢንተርኔት የሚያመላልሰውን ኪውፊልድ ክላውድን ለሚጠቀም የተሻሻለው ፕሮጀክት በኔትወርክ ይወርዳል፤ እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የስልኩን ለውጥ ወደ ላይ መላክ፣ ቀጥሎ አዲሱን ማውረድ ነው ቅደም ተከተሉ። የኮምፒውተሩ ኪውጂአይኤስ ከስልኩ ኪውፊልድ በጣም አዲስ ከሆነ ደግሞ አዲስ የተጨመረ የምልክት ዓይነት ስልኩ ላይ ላይሣል ይችላል፤ ስለዚህ መተግበሪያውን ከጉዞ በፊት ማደስ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ኮድ አንድ የሙከራ ነጥብ፣ አንድ ደግሞ ባዶ የሆነ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ መዝግቦ ማየት፤ ሙከራው ሲያልቅ ነጥቦቹን መሰረዝ እንዳይረሳ።